የቆየ ቲቢ፣ አዲስ ቲቢ፦ በሽታው መቼ እንደተላለፈ ማወቅ ለምን ያስፈልገናል?

በ2016 የስዊዘርላንድና የጀርመን ብሔራዊ የቲቢ ቤተ ሙከራዎች፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከሩ፣ አንድ ዓይነት ነገር አስተዋሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የተገኘባቸው የጥቂት ስደተኞች ባክቴሪያ እንግዳ በሆነ መጠን ይመሳሰል ነበር፤ የማይበግረው መድኃኒት ዓይነት እንኳ አንድ ነው። ምርመራው እየሰፋ ሄዶ እስከ 2017 የጸደይ ወራት ድረስ በሰባት የአውሮፓ አገሮች 29 ታማሚዎች ተገኙ። ሁሉም ከአፍሪካ ቀንድ ወይም ከሱዳን የተነሡ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ሰው የሚገምተው አይጠፋም። ሰዎቹ በሽታውን ከትውልድ መንደራቸው ይዘውት መጥተዋል፤ በልጅነታቸው ገብቶ ተደብቆ የኖረውን ቲቢ የበረሃው ድካምና ረሃብ ቀሰቀሰው። ግምቱ ምክንያታዊ ይመስላል። የዘረመል ምርመራው ግን ሌላ ታሪክ አወጣ። የቲቢ ባክቴሪያ ዘረመል ወደ 4.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ የሚለወጠው እጅግ በዝግታ፣ በአማካይ በሁለት ዓመት አንድ ፊደል ያህል ነው። የ29ኙ ሰዎች ባክቴሪያ እርስ በርስ ሲነጻጸር ልዩነቱ ከሁለት ፊደል አልበለጠም። በተለያየ አገር፣ በተለያየ ዘመን የተያዙ ሰዎች ባክቴሪያ እንደዚህ ሊቀራረብ አይችልም። ከታማሚዎቹ 22ቱ የተጓዙበትን መንገድ ተናግረው ነበር፤ መንገዶቹም በቦታም በጊዜም ይገጣጠሙ ነበር። አጥኚዎቹ የዝርያው መነሻ ሰሜን ሶማሊያ ወይም ጅቡቲ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ወደ ሰዎቹ የተላለፈው ግን አውሮፓ ከመግባታቸው በፊት በጉዞው ላይ እንደሆነ ደመደሙ።

ይህ ማለት በሽታው የያዛቸው በቅርቡ ነው። አንድ ላይ በታጨቁበት መጠለያ ወይም መኪና ውስጥ፣ ሲያስል ያደረ አንድ ሰው አጠገባቸው ነበር። ያን ሰው በጊዜው አግኝቶ ያከመው ቢኖር ኖሮ ከ29ኙ ብዙዎቹ ባልታመሙ ነበር።

ስለ ቲቢ የምናወራበት ልማድ ይህን ሐቅ ይሸፍንብናል ብዬ አምናለሁ። ሰው ሲታመም «ብርድ መታው»፣ «ጭንቀት በላው»፣ «ድሮም ሳምባ ነበረበት» እንላለን። ንግግራችን ሁሉ ወደ ታማሚው ሰውነትና ወደ ቀድሞ ሕይወቱ ያመለክታል። አጠገቡ ተቀምጦ ያስል ስለነበረው፣ ገና ስላልታወቀውና ስላልታከመው ሰው ግን ብዙም አንጠይቅም። በኢትዮጵያ ሁኔታ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን እሱ ነው።

ሁለቱ መንገዶች

ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲናገር ወይም ሲዘምር በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ይወጣሉ፤ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፍፈው ይቆያሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ሪቻርድ ራይሊና የሥራ ባልደረቦቹ ይህን በማያሻማ መንገድ አሳይተዋል። የቲቢ ታማሚዎች የተኙበትን ክፍል አየር በቱቦ ወስደው ጊኒ ፒግ የሚባሉት ትንንሽ እንስሳት ወዳሉበት ክፍል ለቀቁት። እንስሳቱ ታማሚዎቹን አላዩም፣ አልነኩም፣ ከዕቃቸው አልበሉም። ሆኖም በቲቢ ተያዙ። ስኒና ሰሃን መለየት፣ የታማሚውን ማንኪያ ብቻውን ማስቀመጥ የቤተሰብን ልብ ይሰብር እንደሆነ እንጂ ቲቢን አያግድም የሚባለው ለዚህ ነው።

ባክቴሪያው ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ የሚሆነው ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሰውነት ወዲያውኑ ያጠፋዋል። በብዙዎች ዘንድ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ከበው ይይዙታል፤ ሰውየው አይታመምም፣ አያስልም፣ ለማንም አያስተላልፍም። ይህ ነው ድብቅ ቲቢ የሚባለው። ጥቂቶቹ ደግሞ ይታመማሉ። ኤች አይ ቪ የሌለበትና ጤነኛ የሆነ ሰው በቲቢ ባክቴሪያ ቢያዝ በዕድሜ ዘመኑ የመታመም ዕድሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል።

ታዲያ የታመመው ሰው የታመመው በሁለት መንገድ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ባክቴሪያው በቅርቡ ገብቶ ሰውነቱ ሳይቆጣጠረው በወራት ወይም በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ወደ በሽታ ሲያልፍ ነው። ሁለተኛው፣ ለዓመታት እንደ ተዳፈነ እሳት የቆየው፣ መከላከያው ሲዳከም መልሶ ሲቀጣጠል ነው። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ሁለቱ ታማሚዎች አይለያዩም፤ ሳሉ፣ ላቡ፣ መክሳቱ አንድ ነው፣ መድኃኒቱም አንድ ነው። ለኅብረተሰቡ ግን የሚሰጡት መልእክት ፍጹም የተለያየ ነው። ሁለተኛው ታማሚ ስለ ሃያ ዓመት በፊት ይነግረናል። የመጀመሪያው ታማሚ፣ በዚህ ሰዓት በአካባቢው ሌላ የሚያስተላልፍ ሰው እንዳለ ወይም በቅርቡ እንደነበረ ይነግረናል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ የገነነው አስተሳሰብ የአዋቂዎች ቲቢ ከሞላ ጎደል ሁሉም የቆየው የተቀሰቀሰበት ነው የሚል ነበር። ከአዲስ መተላለፍ የሚመጣው ከአሥር አንዱ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1994 ይህን እምነት ያናጉ ሁለት ጥናቶች በአንድነት ታተሙ። አንዱ በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ ሌላው በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄዱ ሲሆን፣ ሁለቱም የባክቴሪያዎችን የዘረመል አሻራ አመሳከሩ። በሳን ፍራንሲስኮ ከታማሚዎች አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት፣ በብሮንክስ ደግሞ 40 በመቶ የሚጠጉት በቅርቡ የተያዙ ሆነው ተገኙ። ወቅቱ ኤች አይ ቪ የተስፋፋበት፣ ቤት አልባዎች በየመጠለያው የታጨቁበት፣ የቲቢ ክትትል የተጓደለበት ዘመን ነበር። የቆየ በሽታ መስሎ ሲቆጠር የነበረው በከተማይቱ ውስጥ በየዕለቱ ሲተላለፍ ኖሯል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት

ማርሴል ቤር፣ ፖል ኤደልስታይንና ላሊታ ራማክሪሽናን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሡ፦ ሰው ባክቴሪያው ከያዘው በኋላ የሚታመመው መቼ ነው? ለመልሱ የቀደሙ ጥናቶችን፣ አንዳንዶቹንም መድኃኒት ሳይኖር የተደረጉትን፣ አንድ በአንድ አገላበጡ። ከሚታመሙት አብዛኞቹ የሚታመሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ እንደሆነ፣ ብዙዎቹም በወራት ውስጥ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ አደጋው በፍጥነት እንደሚቀንስ አሳዩ።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ አቀረቡ። የቆዳ ወይም የደም ምርመራው «ቲቢ አለ» ያለው ሰው በእርግጥ ሕያው ባክቴሪያ ተሸክሟል? ማስረጃው የሚያመዝነው ወደ «አብዛኞቹ አልተሸከሙም» ነው። ምርመራቸው አዎንታዊ የሆነ ሰዎች የበሽታ መከላከያቸው በኤች አይ ቪ፣ በአካል ንቅለ ተከላ ወይም ኃይለኛ መድኃኒት በመውሰድ ሲዳከም እንኳ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ቲቢ አይዛቸውም። ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ስለ ባክቴሪያው ያለውን ትዝታ ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ትዝታው ብቻውን ለዓመታት ሊቀር ይችላል። በአመዱ ሥር ፍም አለ ብለን ስንፈራ አመዱ ቀዝቅዞ የቆየበት ሰው ብዙ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ በየጊዜው የምንሰማው «የዓለም ሕዝብ ሩቡ ቲቢ አለበት» የሚለው አባባል በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በ1999 የወጣው ግምት አንድ ሦስተኛ ይል ነበር፤ በ2016 የተደረገው ስሌት ወደ 23 በመቶ፣ ማለትም ወደ 1.7 ቢሊዮን ሰው ዝቅ አደረገው። ቁጥሩ የሚነግረን ስንት ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከባክቴሪያው ጋር ተገናኝቶ እንደሚያውቅ ነው። ስንቱ ነገ ሊታመም እንደሚችል አይነግረንም። አንድ እናት ምርመራዋ አዎንታዊ ሆኖ «ዕድሜ ልክሽን ቲቢ ይዘሽ ትኖሪያለሽ» ከተባለች፣ ሳይንሱ የማያውቀውን ሸክም አሸክመናታል።

የሁለቱ ዓመታት ነገር ለሕፃናት ሲሆን ይበልጥ ግልጽ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን በቲቢ ከታመመ «የቆየው ተቀሰቀሰ» ማለት አይቻልም፤ ዕድሜው ራሱ ከሦስት ዓመት ወዲህ እንደተያዘ ይመሰክራል። ሕፃናት በአክታቸው ባክቴሪያ እምብዛም ስለማያወጡም፣ የታመመ ሕፃን ባለበት ብዙውን ጊዜ ያልታወቀ የታመመ አዋቂ በአቅራቢያ አለ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የሕፃን ቲቢ ሲመዘገብ ያ መዝገብ የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መዘጋት የለበትም። አያቲቱ፣ አስተማሪው፣ ሞግዚቷ፣ ጎረቤቱ መጠየቅና መመርመር አለባቸው።

«ተመለሰብኝ» እና «ማን አመጣው?»

ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲታመም ሁሉም «ተመለሰበት» ይላል። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ በታማሚው ላይ ይደፋል፦ መድኃኒቱን አቋርጦ ይሆናል፣ ጠጥቶበት ይሆናል። በ1999 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን አቅራቢያ የተደረገ ጥናት ግን ታክመው ከዳኑ በኋላ እንደገና የታመሙ 16 ሰዎችን ባክቴሪያ ከመጀመሪያው ጋር አመሳከረ። በ12ቱ ላይ የተገኘው ሌላ ባክቴሪያ ነበር። የመጀመሪያው ሕመም ድኗል፤ ሰዎቹ እንደገና ተይዘዋል። ቲቢ በሚዘዋወርበት አካባቢ መዳን ዳግመኛ ላለመያዝ ዋስትና አይሆንም። መድኃኒቱን በሥርዓት የጨረሰውን ሰው መውቀስ በደል ነው።

በዚያው አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናት በ2004 ያመለከተው ደግሞ የብዙ ቤተሰብን ጭቅጭቅ የሚመለከት ነው። ከተላለፈው ቲቢ ውስጥ በአንድ ቤት ውስጥ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው 19 በመቶው ብቻ ነበር። አብዛኛው የተላለፈው ከቤት ውጭ ነው። ለአንድ ታማሚ ቤተሰቡ ከማንም በላይ የተጋለጠ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህም የቤተሰብ ምርመራ መቅረት የለበትም። ነገር ግን ሰው ከቤቱ ውጭ ከሚያገኛቸው ሰዎች ብዛት የተነሣ ድምሩ ወደ ውጭ ያደላል። «ማን አመጣብን?» ብሎ የቤት ሠራተኛዋን ወይም ከገጠር የመጣውን ዘመድ ማፈላለግ ከፍትሕም ከሳይንስም የራቀ ነው።

ከቤት ውጭ ስንል በእኛ አገር የትኛውን ቦታ ነው? የክፍለ አገር አውቶቡስ፣ ሚኒባስ ታክሲ፣ ጠላ ቤት፣ ማረሚያ ቤት፣ የተማሪ ማደሪያ፣ የጤና ተቋም የመጠባበቂያ ኮሪደር። ወደ ፀበል ቦታዎች ከሩቅ የሚመጡ ሕሙማንም በጠባብ ማደሪያ ለሳምንታት አብረው ይቆያሉ፤ ስለዚህ በዚያ የአክታ ምርመራ አገልግሎት ማቅረብ ከእምነቱ ጋር የሚጋጭ ሳይሆን እምነተኛውን መንከባከብ ነው። መስኮትን በተመለከተ ደግሞ አንድ ልማዳችን ያሳስበኛል። በታክሲም በአውቶቡስም አንድ ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ንፋስ መታኝ» ብሎ ያዘጋዋል፤ አብዛኛው ሰውም ከዘጊው ጋር ይተባበራል። በሽታ ያመጣል ተብሎ የሚፈራው ነፋስ የሚያስለውን ሰው እስትንፋስ ጠራርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። ከሁሉም የሚረክሰው የቲቢ መከላከያ የተከፈተ መስኮት ሆኖ ሳለ እኛ ከእሱ እንሸሻለን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መነገር አለበት። በኢትዮጵያ ከሚመዘገቡት የቲቢ ታማሚዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቲቢው ያለው ከሳንባ ውጭ ነው፤ የአንገትና የብብት ንፍፊት ዋነኛው ነው። ሳንባው ያልተነካ የንፍፊት ቲቢ ታማሚ ለሌላ ሰው አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። ሆኖም አንገቱ ላይ የሚታየው እብጠት ሰው እንዲሸሸው ያደርጋል፤ የሚያስለውና ምልክቱ የማይታየው ግን በሰው መካከል ይመላለሳል። ንፍፊቱን ከጥሬ ወተት ጋር ማያያዝም የተለመደ ነው። ከኢትዮጵያ የተለያዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ባክቴሪያዎችን የመረመረ በ2013 የታተመ ጥናት ግን ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም የሰው ቲቢ እንጂ የከብት ቲቢ እንዳልሆኑ አሳይቷል። ወተት ማፍላት በሌላ በሌላ ምክንያት ጥሩ ነው፤ የንፍፊቱ ምንጭ ግን በአብዛኛው የሰው ሳል ነው።

ድንበር ሲሻገር መልሱ ይለወጣል

እስካሁን ያልኩት የቆየ ቲቢ አይቀሰቀስም የሚል ትርጉም እንዳይሰጥ። ይቀሰቀሳል። በዴንማርክ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ታማሚ ተወስዶ የተቀመጠ ባክቴሪያ ነበራቸው። ከ33 ዓመት በኋላ የዚያ ሰው ልጅ ሲታመም የተገኘበት ባክቴሪያ ያው የአባቱ ሆነ። ኤች አይ ቪ፣ ስኳር በሽታ፣ የኩላሊት እጥበት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምን ለማከም የሚሰጡ መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች፣ እርጅና፤ እነዚህ ሁሉ የተደበቀውን ያነቃሉ። ኤች አይ ቪ ያለበትና ሕክምና ያልጀመረ ሰው ጤነኛው በዕድሜ ዘመኑ ያለውን አደጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊጋፈጥ ይችላል።

ረሃብም እንደዚሁ ነው። «ቲቢ የድሃ በሽታ ነው» የሚለው አባባል ውስጥ እውነት አለ። በሕንድ ጃርካንድ ግዛት ተደርጎ ውጤቱ በ2023 የታተመ ጥናት ለቲቢ ታማሚ ቤተሰቦች በየወሩ ምግብ ሲሰጥ ከቤተሰቡ አባላት በቲቢ የሚታመሙት በ40 በመቶ ያህል እንደቀነሱ አሳይቷል። ረሃብ ባክቴሪያውን አይፈጥርም፤ የገባውን ግን በር ይከፍትለታል። ይህም ለቆየውም ለአዲሱም ይሠራል።

የቆየው ቲቢ ሚዛን የሚደፋው ግን በሽታው በማይዘዋወርባቸው አገሮች ነው። በአሜሪካ ከሚታመሙት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቆየ ድብቅ ቲቢ መቀስቀስ የሚታመሙ ናቸው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ከአገሪቱ ውጭ የተወለዱ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ አሜሪካ ከገቡ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ለሃያ ዓመት የኖረ ኢትዮጵያዊ ሳል ሲጀምረው «እኔ እዚህ ከመጣሁ ስንት ዘመኔ» ብሎ ቲቢን ከሐሳቡ ማውጣት የሌለበት ለዚህ ነው። ዲቪ ደርሶት ሲሄድ የተነሣው ራጅ የሚያሳየው ያኔ በሽታ እንደሌለበት ነው፤ ድብቅ ቲቢን ራጅ አያሳይም። የስኳር በሽታ የተገኘበት ወይም መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሊጀምር የሆነ ሰው የት ተወልዶ እንዳደገ ለሐኪሙ ነግሮ የደም ምርመራ ቢጠይቅ መልካም ነው። የመከላከያ መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወር የሚወሰድ ሊሆን ይችላል።

ይህ ልዩነት ስደተኛውን ከሐሜትም ያድነዋል። በዴንማርክ በሚኖሩ ሶማሌዎች መካከል ቲቢ ከገቡ ከዓመታት በኋላም ከፍተኛ ሆኖ መቆየቱ ታይቷል፤ ነገር ግን የዘረመል አሻራው ሲታይ ከሶማሌ ወደ ዴንማርካዊ የተላለፈው እዚህ ግባ የማይባል ነበር። በቁጥር ከፍ ብሎ መታመምና ለሌላው ማስተላለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን ሲመረመሩ በራጅ ላይ የታየ የዳነ ቲቢ ጠባሳ ብቻውን «ብቁ አይደለሽም» ሊያሰኛቸው ይችላል። ታክማ የዳነችና የማታስተላልፍ ሴት በጠባሳዋ እንጀራዋን ስታጣ፣ ነገሩ ጤናን ከመጠበቅ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አይገባኝም።

የቱን እናስቀድም?

ሁለት ታላላቅ ሙከራዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ያስተምራሉ። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ዘንድ ቲቢ እጅግ ተስፋፍቶ ስለነበር፣ ወደ 27,000 ለሚጠጉ ሠራተኞች፣ የታመመውን ለይቶ ለተቀረው ሁሉ፣ ለዘጠኝ ወር አይሶናያዚድ የተባለውን የመከላከያ መድኃኒት ለመስጠት ዘመቻ ተካሄደ። ውጤቱ በ2014 ታተመ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳሉ ሠራተኞቹ ተጠብቀው ነበር። መድኃኒቱ ሲያበቃ ጥበቃውም አበቃ፤ በማዕድን ማውጫዎቹ ያለው የቲቢ መጠን አልተለወጠም። ሠራተኞቹ የተመለሱት ወደዚያው አየር፣ ሳንባን ወደሚያጠቃው የድንጋይ ብናኝ፣ ወደዚያው የታጨቀ ማደሪያ ነበር።

በቬትናም ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው ካ ማው ክፍለ ሀገር ደግሞ ተቃራኒው ተሞከረ። በ60 የገጠር መንደሮች ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ዕድሜው 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ፣ ቢያስልም ባያስልም፣ አክታ እንዲሰጥና በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል በአክታ ውስጥ ፈልጎ በሚያገኝ የቤተ ሙከራ ማሽን) እንዲመረመር ተደረገ፤ የተገኘበት ታከመ። በአራተኛው ዓመት ቲቢ ይህ ካልተደረገባቸው መንደሮች ጋር ሲነጻጸር በ44 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2019 የታተመው ይህ ውጤት የሚያስተላልፉትን አግኝቶ ማከም፣ ቲቢ በሚዘዋወርበት አገር፣ ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል።

«ቢያስልም ባያስልም» የሚለው ቃል አስፈላጊ ነው። በእስያና በአፍሪካ በተደረጉ አገር አቀፍ ቅኝቶች በአክታቸው ባክቴሪያ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የማያቋርጥ ሳል እንዳለባቸው አልተናገሩም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ቅኝት ያደረገችው በ2010 እና 2011 ሲሆን፣ ከ100,000 አዋቂዎች በ277ቱ ላይ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ የሳንባ ቲቢ እንዳለ ተገምቷል። ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው ጤና ጣቢያ ይምጣ የሚለው መመሪያ ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

መጠበቅ እንደማያስፈልግ ደግሞ አገራችን ራሷ አሳይታለች። በሲዳማ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስሉ ሰዎችን ሲጠይቁና አክታ እዚያው ሲሰበስቡ፣ የተገኙት ታማሚዎች ቁጥር ከቀድሞው እጥፍ ያህል ሆነ። ሴቶች፣ አረጋውያንና ከጤና ጣቢያ የራቁ ቤተሰቦች በቀላሉ ተደረሰባቸው። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከሚበዛባቸው 30 አገሮች መካከል ብትሆንም፣ በ2021 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ወጥታለች። ይህ ከብዙ ሠራተኛ ድካም የመጣ ነው። ጦርነት ጤና ጣቢያ ሲያፈርስና ታማሚ ከመድኃኒቱ ሲያቋርጥ ግን የሚያስተላልፉት ሰዎች ሳይታከሙ የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል፤ ውጤቱም በቀጣዩ ዓመትና በዚያ በሚከተለው ይታያል።

ታዲያ የሁለቱ ዓመታት ዕውቀት በጤና ጣቢያ ደረጃ ምን ይለውጣል? አንድ ሰው የሳንባ ቲቢ ሲገኝበት አብረውት የሚኖሩት ይጠራሉ፣ ይመረመራሉ፤ ያልታመሙት ይሸኛሉ። ቢያንስ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ኤች አይ ቪ ያለባቸው የመከላከያ መድኃኒት ይጀምራሉ፤ ከ2018 ጀምሮ የዓለም የጤና ድርጅት መድኃኒቱ በየትኛውም ዕድሜ ላሉ የቤተሰቡ አባላት ሊሰጥ እንደሚችል ይመክራል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተመርምሮ «ነጻ ነህ» ተብሎ የተሸኘው የ20 ዓመት ወንድም የአደጋው ጊዜ ገና መጀመሩ ነው። በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ፣ በሁለተኛው ዓመት እንደገና ሊጠየቅ ይገባል። ይህ አዲስ ማሽን አይጠይቅም። በቲቢ መዝገቡ ላይ ከታማሚው ስም ጎን አብረውት የሚኖሩት ተጽፈው፣ የሚጠየቁበት ወርና ዓመት ቢታከል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በቀኑ በራቸውን ብታንኳኳ ይበቃል።